ከፊኛው በስተግራ

ሁለት ጊዜ ቀርተናል፤ ሦስተኛ ከቀረን ቤታችን ከቅሬ ይወጣል። የምጽፈው ስለ ፊኛ ነው፤ ግን ከዚህ ካልጀመርኩ አንድ ፎቶ ለምን ሰው ፊት እንዳስለቀሰኝ የሚገባው አይኖርም።

እናንተ ዕድር የምትሉትን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ የሞተ ይቀብራል፣ የተቃጠለ ያጠፋል፣ ጩኸት ሲሰማ ይሮጣል። አባቴ ቄስ ነበር፤ ያረፈ ዕለት መቃብሩን ከቆፈሩት ግማሾቹ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ቅሬው የሁሉም ነውና። ሕጉ አጭር ነው፤ ከየቤቱ አንድ ሰው ይገኛል። አባቴ ከሄደ በኋላ ቤት ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ነን። እናቴ ጉልበቷን ከታመመች ቆይታለች፤ ከዘራ ይዛ ከአልጋዋ እስከ ደጃፍ ከተራመደች ያ ቀን ደህና ቀን ነው። «እግሬ አንቺ ነሽ» ትለኛለች፤ እኔም እግር ሆኜ ለቀብርም ለጩኸትም እሄድላታለሁ።

እግሩ ግን ሥራ አለበት። መካነ ሰላም ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት አለችኝ። ወግዲ ሠርግ ላነሳ በሄድኩበት ቀን ሰው ሞተ፤ ቀረን። አቀስታ ተመራቂ ተማሪዎች ላነሳ ሄጄ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ባደርኩበት ቀን ደግሞ ሌላ ሰው ሞተ፤ ቀረን። ሰው እኔ ከከተማ የምወጣበትን ቀን እየጠበቀ የሚሞት እስኪመስለኝ ድረስ ተናደድኩ። እናቴ ግን አልተናደደችም፤ ፈራች። «ልጄ፣ ሞትስ አያስፈራኝም። ሬሳዬን የሚያነሳ ሰው ማጣት ነው የሚያስፈራኝ» አለችኝ። ከእንግዲህ አንድም ጥሪ እንደማያመልጠኝ በአባቴ መስቀል ማልኩላት።

ስለ ሥራዬም ትንሽ ልበል። ስልክ ካሜራ ካወጣ ወዲህ ሰው ወደኔ የሚመጣው ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። «ጆሮ ይታይ፣ ትከሻ ቀና፣ አትሳቅ!» ስል እውላለሁ። አንስቼ ካተምኩ በኋላ ጠርዝ ጠርዙን እቆርጣለሁ። የሰውየውን ኮት፣ ከኋላው ያለውን መጋረጃ፣ ሚስቱ ቀና እንድትለው የምትዘረጋውን እጅ፣ ሁሉንም ቆርጬ እጥላለሁ፤ የማስቀረው ፊቱን ብቻ ነው። ዓመታት ሙሉ የኖርኩት ጠርዝ በመቁረጥ ነው ብል አልዋሸሁም።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ያ ወሬ የመጣው። ከአዲስ አበባ በኩል ፈረንጆች መጥተዋል፤ በእሳት የሚነሳ ትልቅ ፊኛ ይዘዋል፤ በገደሎቻችን ላይ ቱሪስት ማንሳፈፍ ይቻል እንደሆነ ሊሞክሩ ነው ተባለ። ገበያው በአንድ ጊዜ ሞቀ። አንዷ «ሰው የሚጭን ድንኳን ነው አሉ» ስትል ሌላዋ «ድንኳን ከሆነ ሟቹ የታል?» ብላ ሁላችንን አሳቀችን። ቀበሌውም ሦስት ማለዳ ብቻ እንደሚነሱና ሰው እንዳይደነግጥ በድምፅ ማጉያ አስነገረ።

በዚያው ሰሞን አንድ ሰውዬ አዲስ ሆቴል እየጨረሰ ነበር። አዳራሹ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶ ፈልጎ ከደሴ የቻይና ፏፏቴ ሊያስመጣ ነው፤ ያንን በየሆቴሉ የምታዩትን፣ ዳክዬ የሚዋኝበትን። «መካነ ሰላም ላይ ዳክዬ?» አልኩት። «ታዲያ ምን ልስቀል፣ ጉርድ ፎቶ?» ብሎ ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። «ፊኛውን ከገደላችን ጋር አንስቼ አመጣልሃለሁ፤ ዳክዬ እዚህ የሚሰቀለውማ ሞቼ ነው ቆሜ!» አልኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ ተናገርኩ፣ አበቃ።

የመጀመሪያው ማለዳ አልሆነልኝም። ፊኛው የሚነሳበት ሜዳ ከከተማው ማዶ፣ ከኛ ሰፈር በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እናቴን ሻይ አጠጥቼ፣ ጉልበቷን በቅባት አሽቼ ስወጣ ዘገየሁ። ስደርስ ፊኛው ከላዬ ሩቅ ሄዷል። አንጋጥጬ አሥር ጊዜ ተኮስኩ። ቤት መጥቼ ሳየው ጥቁር ወረቀት ላይ የተጣለ ብርቱካን ይመስላል። እናቴ ካሜራውን ተቀብላ ወደ ዐይኗ አስጠጋችና «ይቺን ለማምጣት ነው በውርጭ የወጣሽው? ብርቱካኑስ ገበያ አለልሽ» አለች። ስቃ ልትሞት።

በሁለተኛው ቀን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሜዳው ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ጨርቁን መሬት ላይ ዘረጉት፤ ርዝመቱ የቤተ ክርስቲያን ግቢ ያህላል። ከዚያ በትልቅ ማራገቢያ ንፋስ ሞሉት። ከዚያ አንዱ ፈረንጅ እሳቱን ለቀቀ፤ ዳገት እንደያዘ ከባድ መኪና አገሳ። ጨርቁ ከብት ሲነሳ እንደሚያደርገው ከኋላው ተነሳ፣ ተንገዳገደ፣ ቆመ። ውስጡ በራ፤ ቀዩ፣ ብርቱካኑ፣ ቢጫው፣ ሁሉም በዚያ ጨለማ መካከል ቁልጭ አለ። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ ከዚያ ደስ አለኝ፣ ዝም ብሎ ደስ አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያምር ነገር አላየሁም ነበር።

ሦስት ፎቶ እንዳነሳሁ ባትሪው ሞተ። አሮጌ ባትሪ፣ በዚያ ላይ ውርጭ፤ እንኳን ዘንቦብሽ እንዲያውም ጤዛ ነሽ! ሁለተኛውን ባትሪ ስከት እሱም ቀዝቅዞ ኖሮ እምቢ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ነፋስ ተነሳና ፈረንጆቹ ራሳቸውን ነቅንቀው ጨርቁን አጣጠፉት፤ ሳይበሩ ቀሩ። አስተርጓሚያቸው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ አሳዝኜው መጥቶ «ባትሪውን ብብትሽ ውስጥ አድርጊው እንጂ» አለኝ። «ነገ ደግሞ የመጨረሻችን ነው፤ ከዚያ እንሄዳለን።»

ያን ዕለት ፎቶ ቤቴን አልከፈትኩም። ሜዳው ላይ ቆሜ ባነሳው ገደሉ ከኋላው አይገባልኝም። ተከትዬው ብሮጥ አልደርስበትም። ስለዚህ የሚመጣበትን አውቄ ቀድሜ መጠበቅ አለብኝ። ነፋስ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ማን ነው? እህል የሚያበጥር ሰው ነው።

የቅሬያችን አባት ሽማግሌ ገበሬ ነው፤ ታኅሣሥ ስለነበር አውድማው ላይ መንሽ ይዞ አገኘሁት። ክርስቲያን ነው፤ ወላሂ ሳይል ግን ነገር አይጨርስም።

«አባዬ፣ ሊነጋ ሲል ነፋስ ወዴት ነው የሚሄደው?» አልኩት።

«ምን ልታበጥሪ ነው?»

«ፊኛ።»

ሳቀና ከእግሩ ሥር እፍኝ ገለባ አነሳ። «ፀሐይ ሳትወጣ ነፋስ የለም፤ ብርዱ ነው የሚሄድ። ብርድ ደግሞ እንደ ውሃ ነው፤ ቁልቁል ነው መንገዱ። ያ ነገር ሜዳው ላይ ከተነሳ በእናንተ ጓሮ ነው የሚያልፍ፤ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ወላሂ በክምሮቻችን ላይ ነው የሚሄድ።» ከዚያ ገለባውን ለቀቀው። «እግረ መንገዱን ከወደቀልንማ ለቅሬው እንወርሰዋለን፤ የኛ ድንኳን ተቀዷል።»

እጁን ስሜ ሄድኩ። ጓሯችን ጉብታ አለው። እዚያ ላይ ስቆም መንደሩ ከበታቼ ነው፤ ከመንደሩ ቀጥሎ እርሻውና ክምሮቹ፤ ከክምሮቹ ማዶ ገደሉ። ሁለት ቀን በውርጭ የተንከራተትኩለት ነገር ጓሮዬ ድረስ ሊመጣልኝ ነው።

ለሦስተኛው ማለዳ ሁለቱንም ባትሪ ብብቴ ውስጥ አድርጌ አደርኩ። ስወጣ እናቴ ነቅታ ነበር።

«ዛሬስ የት ነሽ?»

«ጉብታው ላይ ነኝ፣ እማዬ። እዚሁ ጓሮ።»

«እሰይ! እንግዲያ ብጠራሽ ትሰሚኛለሽ» አለችና ጋቢዋን ተከናንባ ተመልሳ ተኛች።

ጉም ነበር። ከገደሉ ወጥቶ እርሻውን ሞልቶት ክምሮቹ ጫፍ ጫፋቸው ብቻ ይታያል። የካሜራዬን ማቆሚያ ተከልኩ፤ አንድ እግሩ የተሰበረ ስለሆነ በድንጋይ ደገፍኩት። ጣቶቼ ደነዘዙ። አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ፤ ምንም የለም። አሥራ አንድ ተኩል ሊሆን ሲል ያ ማጓራት ከወደ ሜዳው ተሰማ። «ና!» አልኩት ጮክ ብዬ። «ና ወንድሜ፣ ዛሬ አታመልጠኝም!»

መጣ። ሽማግሌው እንዳለው መጣ፤ ግን በጣም ዝቅ ብሎ፣ ጉሙን እየታከከ ነው የመጣው። መንደሩን በጎን አልፎ ክምሮቹ ጋ ሲደርስ ጉሙ ውስጥ ገባና ጠፋ። ከዚያ እሳቱን ለቀቁት። ጉሙ ከክምሮቹ ኋላ በአንድ ጊዜ ደም መሰለ።

እስቲ አስቡት፤ ከእንቅልፍህ ነቅተህ ለሽንት ወጥተሃል፤ የዓመት እህልህ ባለበት በኩል ሰማዩ ቀልቷል፣ ያጓራል። ፊኛ ነው ትላለህ? ሰዎቹ ፊኛውን በሁለቱ ቀናት ከሩቅ አይተውት ይሆናል። ጓሮህ ሲመጣ ግን እሳት ነው።

«ኡኡ! ያገር ያለህ! እሳት! ክምር ተቃጠለ፣ ድረሱ!»

አንዲት ሴት ናት የጀመረችው፤ ወዲያው ከየቤቱ ተቀባበሉት። በር ሁሉ ተከፈተ። ጀሪካን ያንጠለጠለ፣ መንሽ ያነገበ፣ እርጥብ ጆንያ የጎተተ፣ ቅርንጫፍ የገነጠለ ሁሉ ቁልቁል ወደ ክምሮቹ ፈሰሰ። እኔ ጉብታው ላይ ነኝ። «እሳት አይደለም! ፊኛ ነው!» ብዬ ጮኽኩ። አንዴ ጮኽኩ፣ ሁለቴ ጮኽኩ፤ ማን ይስማኝ? ከዚያ ፊኛው ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ። ገደሉ ከኋላው፣ ሰማዩ ከላዩ ሊነጋ ወገግ ብሎ፣ መንደሩ በሙሉ ወደሱ እየሮጠ።

መሮጥ ነበረብኝ፤ የማልኩትም ለዚህ ነው። እግሬ ግን ንቅንቅ አላለም። እሳት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ታዲያ ምን ልሆን ልሩጥ አልኩ ለራሴ። ዐይኔ ካሜራው ላይ ተመለሰ፤ እጄም ተከተለው። ባትሪው እስኪያልቅ ተኮስኩ። ሰዎቹ ሲደርሱ ፊኛው በራሳቸው ላይ ከፍ ብሎ ሄደ፤ አንዱ ተናዶ ይሁን ተደስቶ ጀሪካኑን ሙሉ ወደ ላይ ረጨበትና ውሃው ተመልሶ ራሱ ላይ ወረደ። ሲሳሳቁ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

ፊኛው ገደሉ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ስከተለው ሰዉ ሁሉ ወደየቤቱ ተመልሶ ነበር፤ ከዚያ ከጉብታው እየዘለልኩ ወረድኩ። አጥሩ በር ላይ ያቺ ቢጫ የዘይት ጀሪካናችን ወድቃ አገኘኋት፤ አነሳሁና ገባሁ። እናቴ አልጋዋ ላይ ናት። የቀሚሷ ጫፍ ጭቃ ነክቶታል፣ ጉልበቷ አብጧል።

«ምን ሆንሽ?»

«ጤና አዳሟን ውሃ ላጠጣ ብዬ ወጥቼ አዳለጠኝ።»

«በዚህ ውርጭ ጤና አዳም ውሃ ይጠጣል? አርፈሽ አትቀመጪም? ደግሞ ተሰብረሽ እኔን ከሥራ ልታስቀሪኝ!» ብዬ ጮኽኩባት። ከዚያ ቅባቱን አምጥቼ ጉልበቷን አሸሁላት።

መብራት እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠበቅሁና ፎቶውን በትልቁ ወረቀት አተምኩት። በገዛ እጄ አንስቼው ራሴን ገረመኝ። የሆቴሉ ባለቤትም አይቶ አፉን ያዘ። «ይቺን አሳድጊልኝ፤ ዳክዬው ይቅር!» አለ። ትንሽ አስተዋለና ደግሞ፣ «በስተግራ ታች ጥግ ላይ ያለችውን ጉቶ ግን አውጪልኝ፤ ታበላሸዋለች» አለ። አየሁት፤ እውነትም አንድ ጥቁር ድንክ ነገር አለ፤ አጥር አጠገብ የቀረ የባሕር ዛፍ ጉቶ ይሆናል አልኩ። ጠርዝ መቁረጥ ሥራዬ ነው፤ «ለዚህ አታስብ» አልኩት።

ሳልቆርጠው ነገር መጣብኝ። ሰፈሩ በፊኛው ስቆ ስቆ ሲያበቃ አንዷ ጎረቤታችን፣ «እኔ ጀሪካን ተሸክሜ ስወድቅ ስነሳ፣ የቄሱ ልጅ ጉብታው ላይ ቆማ ባንድ ዐይኗ ታየን ነበር» አለች አሉ። ያ በቃ። ለቅሬው የሚለፍፈው ሰውዬ ደጃችን መጥቶ «እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቅሬው በሚሰበሰብበት ወይራ ሥር ትፈለጊያለሽ» ብሎኝ ሄደ። ሦስተኛው ነው። ሌሊቱን አልተኛሁም። እናቴ ግን፣ መቅረትን ሲያነሱባት የምትንቀጠቀጠው ሴትዮ፣ ረጋ ብላ «ሂጂ፤ የጠየቁሽን እውነቱን መልሺ» አለችኝ። ተስፋ ቆርጣ ነው አልኩ።

እሁድ ፎቶውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ሄድኩ። ሰው ሙሉ ነበር። የቅሬው አባት ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል፤ ነፋሱን የነገረኝ ያው ሽማግሌ።

«ጩኸት ሰማሽ?» አለኝ።

«ሰማሁ።»

«ሮጥሽ?»

«አልሮጥኩም።»

«ለምን?»

«አባዬ፣ እሳት እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አንቱ ራስዎ አይደሉም በዚህ ያልፋል ያሉኝ?»

«እኔ ነኝ፤ ወላሂ እኔ ነኝ። እኔም ፊኛ እንደሆነ አውቅ ነበር። እና ሮጥኩ አልሮጥኩም?»

ሰው ሁሉ «ሮጠዋል» አለ።

«ጩኸት ሲሰማ እውነት ነው ሐሰት ነው ብለን ቤታችን ተቀምጠን አናጣራም። መጀመሪያ እንሮጣለን፤ ስንደርስ እናያለን። አንዱ አውቃለሁ ብሎ ቢቀር፣ ሌላው አውቃለሁ ብሎ ቢቀር፣ የእውነተኛው እሳት ቀን ማን ይመጣል?»

እውነቱን ነው። ግን እኔ መቼም እልኸኛ ነኝ፤ ዝም ብዬ አልወጣም አልኩና ነጠላዬን ፈታሁ። «እውነት ነው፣ አልሮጥኩም። ግን ባዶ እጄን አልቆምኩም። እናንተ እንዴት እንደምትሮጡ ለልጆቻችሁ የሚቀር ነገር አንስቻለሁ። ይኸው።»

ፎቶው ከእጅ እጅ ዞረ። እያንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ራሱን ፈለገ። ከዚያ አንዱ «ይቺ የኔ ሚስት ናት! መንሹን ገልብጣ ይዛዋለች!» አለ። ሌላው ራሱን ባንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ባዶውን ሲሮጥ አገኘው። ያቺ ያማችኝ ጎረቤታችን እንኳ ራሷን ፊት ለፊት አግኝታ «ሩጫዬስ ያምራል» አለች። ሳቁ ሞቅ ሲል ልቤ ተመለሰ። ተረፍኩ አልኩ።

ፎቶው በመጨረሻ የቅሬው አባት እጅ ገባ። አራቀው፣ አቀረበው፣ በጣቱ አንድ በአንድ እየነካ ቆጠረ። ቀና ሲል እየሳቀ አልነበረም።

«ሁላችንም አለን» አለ። «አንቺ የታለሽ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም፤ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ፎቶው ውስጥ እንደማይኖር ለሱ ማስረዳት ይቻላል? ይቻል ይሆናል። ግን የጠየቀኝ ይህን እንዳልሆነ ገባኝ። «የለሁም» አልኩ።

«የለሽም» አለ። «ቤታችሁ ግን አለ።»

አልገባኝም። ጠራኝና ፎቶውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጣቱን በስተግራ፣ ታች ጥግ ላይ አሳረፈው። ጉቶው ላይ።

«ይቺ ቢጫዋ ምንድን ናት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጉቶው አጠገብ የጥፍር ጫፍ የምታህል ቢጫ ነጥብ አለች። ጀሪካናችን ናት። ጀሪካኗን የያዛት እጅ አለ። ከእጁ በላይ ጋቢ አለ፣ ከጋቢው በታች ከዘራ። እናቴ ናት። ከአጥሩ በር ወጥታ፣ ጎብጣ፣ ፊቷን እንደ ሰው ሁሉ ወደ ክምሮቹ አዙራ።

«ስመለስ ከበራችሁ ላይ ወድቃ አገኘኋት» አለ ሽማግሌው። «ደግፌ ነው ያስገባኋት። ጀሪካኗም እዚያው ከእጇ አምልጣለች። ውሃው ተደፍቷል፤ ‘አልደረስኩም፣ ይቆጠርልኛል?’ አለችኝ። ይቆጠራል አልኳት። ለልጄ አትንገር ብላ በመስቀል አስማለችኝ፤ እኔም አፌን ያዝኩ። ፎቶው ከተናገረ ግን ምን ላድርግ?» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረና፣ «ይህ ቤት ሮጧል፤ አልቀረም» ብሎ ፈረደ። ማንም አልተቃወመም።

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለቀስኩ። ዐይኔ ሙያዬ ነው እላለሁ፤ ያንን ፎቶ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ያየሁት ፊኛውን ነው። እናቴን ጉቶ ብያታለሁ። አዳለጠኝ ስትለኝም ጮኼባታለሁ።

ቤት ስገባ ፊቴን አይታ አወቀች። «ነገረሽ አይደል? ይሄ ሽማግሌ፣ መሐላ አያውቅም!» አለች።

«ከሱ በፊት ፎቶው ተናገረ። ፎቶው ላይ አለሽ። ለምን እንዲህ አደረግሽ፣ እማዬ? በዚያ ጉልበት?»

«ጠራሁሽ። አንዴ ጠራሁሽ፣ ሁለቴ ጠራሁሽ። ከዚያ ሥራ ላይ ናት፣ አላቋርጣት አልኩ። አንድ ሰው ከቤቱ መውጣት ነበረበት።» እጇን ዘረጋች። «እስቲ አምጪው፣ እኔም ልየው።»

ሰጠኋት። ወደ መስኮቱ ዞር ብላ ብዙ ጊዜ አየችው። ፊኛውን በጣቷ ዞረችው፣ ሰዎቹን አንድ በአንድ በስማቸው ጠራቻቸው፣ ገደሉን «ያምራል» አለችው። መጨረሻ ላይ ጥጉ ጋ ደረሰችና ራሷን አገኘች። ቅር አላት።

«ውይ፣ አበላሸሁብሽ» አለች። «ይህን ያህል ደክመሽበት! ቁረጪኝ፣ ልጄ። ጠርዝ ላይ ነኝ፤ ቢቆረጥ አያስታውቅም።»

በማግስቱ ለሆቴሉ ባለቤት ፎቶው ጉቶ እንደሌለው፣ የሚቆረጥም ነገር እንደሌለው ነገርኩት። አሁን አዳራሹ ውስጥ ዳክዬዎቹ ይዋኛሉ። ፎቶው ከእናቴ አልጋ ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤ አልቆረጥኩትም።